ከጨርቅ ቅርስ ጋር መሥራት፦ መርፌው፣ መዝገቡ ወይስ ዕቃ ቤቱ?

በሙዚየም ከጨርቃ ጨርቅ ቅርሶች ጋር ልሥራ የሚል ወጣት ሲያማክረኝ በዐይነ ኅሊናው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው በአጉሊ መነጽር ሥር አጎንብሶ የተተለተለ ሐር ሲሰፋ። እንዲህ ያለ ሰው በእርግጥ አለ። ዳሩ ግን ከጨርቅ ክምችት ጋር ከሚውሉት ሰዎች መካከል መርፌ የሚይዙት ጥቂቶቹ ናቸው። እነርሱም ቢሆኑ ከቀናቸው የሚበዛውን የሚያሳልፉት በመመርመር፣ ፎቶግራፍ በማንሣት፣ ዘገባ በመጻፍና ሣጥን በማዘጋጀት ነው። ስለዚህ ወደ ሙያው ልግባ ወይስ ይቅርብኝ ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ከገባሁ የትኛውን ሥራ ልያዝ?

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አገር ቤት ሆኖ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከመርፌው ይልቅ ዕቃ ቤቱ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ውጭ አገር ተምሮ እዚያው ለመቆየት የቆረጠ ሰው ግን ሒሳቡ ይለወጥበታል። ምክንያቴን እነሆ።

መርፌው

ጎበዝ ልብስ ሰፊ ሁሉ ጥሩ የጨርቅ ጥገና ባለሙያ አይወጣውም። ልብስ ሰፊ ቀዳዳው እንዳይታወቅ አድርጎ ይዘጋዋል፤ የሙዚየም ባለሙያ ቀዳዳውን እንዳለ ትቶ በዙሪያው ያለው ክር ከዚያ በላይ እንዳይበጠስ ይደግፈዋል። ከሥሩ ቀለሙ እንዲመሳሰል ተደርጎ የተነከረ ስስ ጨርቅ ያነጥፋል። የላሉትን ክሮች አንድ በአንድ ወደየመስመራቸው ይመልሳል። ከዚያም ከፀጉር በቀጠነ የሐር ክር በላያቸው ላይ ረጅም ስፌት ዘርግቶ፣ ያንን ስፌት በየመሐሉ በጥቃቅን ነጠላ ስፌት ይይዘዋል። መርፌው በድርና በማግ መካከል ባለው ክፍተት ማለፍ አለበት እንጂ አሮጌውን ክር መውጋት የለበትም። መዳፍ የምታክል ቦታ ቀኑን ሙሉ ልትበላ ትችላለች። በዚህ ላይ የተሠራው ሁሉ ወደፊት ቅርሱን ሳይጎዳ የሚፈታ እንዲሆን ይፈለጋል።

ይህ የመጨረሻው ደንብ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የአሜሪካኖችን ታላቅ ሰንደቅ ዓላማ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1814 በባልቲሞር ፎርት ማክሄንሪ የተውለበለበውና የብሔራዊ መዝሙራቸውን ግጥም ያስጻፈው ባንዲራ በ1914 በአሜሊያ ፋውለር መሪነት በተልባ እግር ጨርቅ ላይ ተሰፋ፤ የስፌቱ ብዛት 1.7 ሚሊዮን ያህል ነበር። ለዘመኑ የተመሰገነ ሥራ ነው። በ1998 ባንዲራውን የያዘው የዋሽንግተኑ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ባለሙያዎች ትልቁን ጥገና ሲጀምሩ ግን ያ ድጋፍ መነሣት እንዳለበት ወሰኑ። እናም ሌሎች ሴቶች ከሰማንያ ዓመት በላይ ቀድመው የሰፉትን ያንን ሁሉ ስፌት እየቆረጡ አወጡት። የላይኛውን ቆሻሻ ያነሡትም ለፊት መዋቢያ በሚያገለግል ደረቅ ስፖንጅ ቀስ ብለው እየነካኩ ነበር። ይህን አንብባችሁ እጃችሁ ከበላችሁ መርፌው ይጠብቃችኋል። ትከሻችሁ ካመማችሁ ደግሞ ሌሎቹን ሥራዎች አንብቡ፤ ነውር የለውም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በስፌቱ ሳይሆን በኬሚስትሪው ነው። አንድ ባለ ብዙ ቀለም አሮጌ ጨርቅ ስታዩ ጥቁሩና ጠቆር ያለው ቡናማ ክር ብቻ ረግፎ ሌላው ቆሞ ልታገኙት ትችላላችሁ። ቀለሙ እንዲይዝ የተጨመረው ብረት ነው ክሩን ከውስጥ የበላው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ የተሸጡ ብዙ የአውሮፓ ሐሮችም ክብደት እንዲጨምሩ በቆርቆሮ ጨው የተነከሩ ስለሆኑ ዛሬ በራሳቸው ጊዜ ይሰነጣጠቃሉ። እንዲህ ያለውን ሐር የትኛው ፈሳሽ ያድነዋል፣ የትኛው ያሟሟዋል የሚለውን በግምት መወሰን አይቻልም። አጣቢው ከመንካቱ በፊት የእያንዳንዱን ቀለም አንድ ጥግ በእርጥብ ጥጥ ፈትኖ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን ያረጋግጣል። ብዙውን ጊዜም መደምደሚያው «አይታጠብ» የሚል ነው።

በእኛ አገር ቅርሶች ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለ። በቤተ ክርስቲያን ካባና መጋረጃ ላይ የሰም ጠብታ፣ የዕጣን ጢስና የሰው ላብ ተደራርበው ይገኛሉ። ሰሙ ቆሻሻ ነው ወይስ የአገልግሎቱ ታሪክ? የጥገና ባለሙያ ይህን ብቻውን አይወስንም። ልብሱ ዛሬም በቅዳሴ የሚለበስ ከሆነ ከካህናቱ ጋር ሳይመክር ጣቱን ማንሣት የለበትም።

ዕቃ ቤቱ

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። አንድ ባለሙያ በዓመት የሚጠግናቸው ጨርቆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዕቃ ቤቱን በሥርዓት የያዘ ሰው ግን በዚያው ዓመት በሺህ የሚቆጠሩትን ከጥፋት ያድናል፤ የሚያድናቸውም ሳይነካቸው ነው። ስሙ በመግለጫ ጽሑፍ ላይ አይወጣም፣ የሠራውንም ጎብኚ አያየውም። የሙያው ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ምስጋና የሚርበው ሰው እዚህ ባይገባ ይሻላል።

ሥራው በአራት ጠላቶች ላይ ያተኩራል፦ ብርሃን፣ እርጥበት፣ ተባይና የሰው እጅ። ብርሃን በጨርቅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም፣ ደግሞም ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ሙዚየሞች ጨርቅን ሲያሳዩ ብርሃኑን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ላይ የሚገድቡትና ከጥቂት ወራት በኋላ አንሥተው የሚያሳርፉት። ጎብኚው «ምነው ጨለመብን» ሲል ስድቡን የሚቀበለው የክምችት እንክብካቤ ባለሙያው ነው። እርጥበቱ ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይመጣል፤ ከፍ ዝቅ ማለቱም ክሩን እያሳበጠና እያጠበበ ያደክመዋል።

ብልን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ በየቤታችን ስለሚያስፈልግ። ልብስ የሚበላው የምናየው በራሪ ሳይሆን ትሉ ነው። ትሉ የሚፈልገው ሱፍ፣ ሐር፣ ፀጉርና ላባ ነው፤ ንጹሕ የጥጥ ሸማ አያጠግበውም። ላብ ወይም ወጥ የነካው ሸማ ከሆነ ግን ለቆሻሻው ሲል ጥጡንም ያኝከዋል። ስለዚህ የሱፍ በርኖስና ንጹሕ ነጠላ በአንድ ሣጥን ቢቀመጡ በመጀመሪያ የሚያልቀው በርኖሱ ነው። ሙዚየሞች ብል ሲያገኙ እንደ ድሮው መርዝ አይረጩም። ጨርቁ በፕላስቲክ ተጠቅልሎና አየሩ ወጥቶለት ይታሸጋል፤ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ 3 ቀን፣ ማቀዝቀዣው ከዜሮ በታች 20 ብቻ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ እስከ 2 ሳምንት ይቆያል። ሲወጣ ወዲያው አይከፈትም። ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል ድረስ ፕላስቲኩ እንደታሸገ ይቆያል፤ ጤዛው በፕላስቲኩ ላይ እንዲያርፍ እንጂ በጨርቁ ላይ እንዳይሆን ነው። የድሮዎቹ ሰዎች የረጩት አርሴኒክና ዲዲቲ ግን በብዙ ክምችቶች ላይ ዛሬም ስላለ ጓንት ያለ ምክንያት አይደረግም።

ይህን ሥራ ለአገር ቤት የምመርጠው መሣሪያው ስለሚገኝ ነው። ጨርቅን ሳያጥፉ ማስቀመጥ፣ ትልልቁን በሰፊ ጥቅል ላይ መጠቅለል፣ መታጠፉ ግድ ከሆነ እጥፋቱን በለስላሳ ወረቀት መሙላት፣ መደርደሪያን ከውጭ ግድግዳና ከወለል ማራቅ፣ በየመስኮቱ ሥር ተለጣፊ የተባይ ወጥመድ አኑሮ በየወሩ መቁጠር፤ ለእነዚህ ከውጭ የሚመጣ ማሽን አያስፈልግም። መቀመጫውን ሮም ያደረገው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ማዕከል፣ ኢክሮም፣ ከዩኔስኮ ጋር ያዘጋጀው ሬ ኦርግ የሚባል ዘዴ አለ፤ የተጨናነቀ ዕቃ ቤትን ትንሽ ሠራተኛና ትንሽ ገንዘብ ያለው ሙዚየም እንዴት ደረጃ በደረጃ ሊያስተካክል እንደሚችል ያሳያል። ማንም ወደዚህ ሥራ መግባት የሚፈልግ ሰው በዚያ ይጀምር።

በዚህ ላይ እኛ ዘንድ ሥራው አዲስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ ቁልፉን የያዘው ገበዝና የንብረት መዝገቡ ከሙዚየም በፊት ነበሩ። የትኛው ካባ በየትኛው በዓል እንደሚወጣ፣ ማን እንደሰጠው፣ በየት በኩል እንደተቀደደ የሚያውቁ አባቶች አሉ። ከእነርሱ ጋር ተግባብቶ መሥራት የሚችል ወጣት ከውጭ የሚመጣው ባለሙያ በብዙ ዓመት የማያገኘውን መንገድ በአንድ ቡና ያገኛል።

መዝገቡ፣ ትርጓሜውና ላቦራቶሪው

የካናዳ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ቅርስን ያጠፋሉ ብለው በዘረዘሯቸው 10 ምክንያቶች ውስጥ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከሌባ እኩል፣ ዕቃው ከመረጃው መለያየቱም ተቆጥሯል። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ በሐር የተጠለፈ አንድ የጥጥ ቀሚስ አለ። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው፤ በሙዚየሙ መዝገብ ንግሥቲቱ ጥሩነሽ ተብለው ነው የሚገኙት። ከመቅደላ ዘመቻ 150 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ሙዚየሙ ከዚያ የተወሰዱ ሌሎች ዕቃዎችን ጨምሮ ለእይታ አቅርቦታል። ያ የመዝገብ መስመር ባይኖር ኖሮ ዛሬ የባለቤትነት ክርክር የሚነሣበት ቅርስ መሆኑ ቀርቶ ስም የለሽ የአበሻ ቀሚስ ይሆን ነበር። መዝጋቢ የሚሠራው ይህንን ነው፦ ቁጥር መስጠት፣ መለካት፣ የመጣበትን መንገድ መከተል፣ በውሰት ሲሄድ ውሉንና ኢንሹራንሱን መያዝ። ቁጥሩ በጨርቁ ላይ አይጻፍም፤ በትንሽ የጥጥ ጥብጣብ ላይ በማይለቅ ቀለም ተጽፎ በማይታይ ጠርዝ በሁለት በሦስት ስፌት ይያዛል። ሥርዓት ወዳድ ለሆነ፣ ኮምፒውተር ለማይፈራና ሕግ ነክ ነገር ለማይሰለቸው ሰው ከሁሉም የተሻለ የሥራ ዕድል ያለው እዚህ ይመስለኛል፤ ጨርቅ ቢያልቅ ወደ ብራናና ወደ ሸክላም ይዞት የሚሄደው ሙያ ነውና።

ኪዩሬተርነት፣ ማለትም ክምችቱን እያጠኑ ለጎብኚ መተርጎም፣ ሁሉም የሚመኘው ጥቂቶች የሚደርሱበት ወንበር ነው። በትልልቅ ሙዚየሞች ብዙውን ጊዜ ዶክትሬት ይጠየቅበታል፣ ቦታው የሚለቀቀው ደግሞ ባለቤቱ ጡረታ ሲወጣ ነው። ሆኖም አማርኛና ግዕዝ ለሚያነብ ሰው አንድ የተከፈተ በር አለ። በቶሮንቶው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየምና በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን፣ ባለ ቀዳዳ ትንንሽ ሰሌዳዎችን እያዞሩ በሐር የተሠሩትን ግዙፍ የጎንደር ዘመን መጋረጃዎች አስቡ። ቁመታቸው 5 ሜትር ገደማ የሚደርስ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ከሥርዓተ ቤተ ክርስቲያኑና ከጽሑፉ ጋር አገናኝቶ የሚናገር ሰው በዓለም ላይ ብዙ የለም። ያልተነካ ጥናት የሚሻ ደግሞ የብራና መጽሐፍ ገበታን (የእንጨት ሽፋኑን) የውስጥ ፊት ገልጦ ይይ። ቆዳው ባለቀበት መሐል የተለጠፈው ቁራጭ ጨርቅ አንዳንዱ ከሕንድ፣ አንዳንዱ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ የንግድ መንገዱ ታሪክ እዚያ ተጣብቋል።

ላቦራቶሪውን ባጭሩ ልለፈው። ቀለምንና ክርን በመሣሪያ የሚመረምሩ ሳይንቲስቶች የሚቀጠሩት በጥቂት ሀብታም ተቋማት ነው፣ መሠረቱም ኬሚስትሪ እንጂ ሙዚየም አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተማረ ሰው ስለ ክርና ስለ ማቅለሚያ ያለው ዕውቀት እዚህ ያገለግለዋል፤ ወደ ቅርስ የሚያሻግረው ተጨማሪ ትምህርት ግን ያስፈልገዋል።

የት ይማሯል?

እንግሊዝኛ ለሚችልና መርፌውን ብቻ ለሚፈልግ የመጀመሪያው ስም የስኮትላንዱ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ነው። ትምህርቱ የሁለት ዓመት ማስተርስ ሆኖ በጨርቅ ላይ ብቻ ያተኩራል። ታሪኩም ትምህርት አለው። የጨርቅ ጥገና ባለሙያዋ ካረን ፊንች እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ያቋቋመችው ማዕከል በኋላ ወደ ዊንቸስተር ተዛውሮ፣ በ2009 ተዘጋ፤ በዓመቱ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተነሣ። የዓለም ስም ያለው ማዕከል በገንዘብ ምክንያት ሊዘጋ እንደሚችል ሙያውን የሚመርጥ ሰው ማወቅ አለበት። ችግሩ ክፍያው ነው፤ ከውጭ ለሚመጣ ተማሪ ከባድ ስለሆነ ያለ ስኮላርሺፕ አልመክረውም።

በአሜሪካ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲና የዊንተርቱር ሙዚየም በጋራ የሚሰጡት የሦስት ዓመት ትምህርት በገንዘብ በኩል ተቃራኒው ነው፤ ለተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያንና መተዳደሪያ አበልን ይደግፋል። ለዚህም ነው መግባቱ የሚያስቸግረው። በዓመት የሚቀበለው አሥር ያህል ተማሪ ነው፣ እነዚያም በሥዕል፣ በወረቀት፣ በዕቃና በጨርቅ ይከፋፈላሉ። ከማመልከታችሁ በፊት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ጨምሮ የኬሚስትሪ ኮርሶች፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ፣ የእጅ ሥራ ናሙናዎችና በባለሙያ ሥር የተሠራ በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ልምምድ ይጠበቅባችኋል። የመጨረሻው ዓመት በሌላ ሙዚየም በተግባር ልምምድ ያልፋል። ቶሎ መወሰን ያልቻለ ሰው ደግሞ የኒው ዮርኩን ፋሽን ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ይመልከት፤ በዚያ ያለው የፋሽንና የጨርቅ ጥናት ማስተርስ የጥገናውንም የኪዩሬተርነቱንም መንገድ በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል።

እኔ ብጠየቅ ከሁሉም የማደንቀው በስዊዘርላንድ፣ በርን አጠገብ፣ ሪጊስበርግ የሚገኘውን የአቤግ ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተ ሲሆን የሚሰበስበውም፣ የሚጠግነውም፣ የሚያስተምረውም ጨርቅን ነው፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ዲግሪ እስከ ማስተርስ አምስት ዓመት እውነተኛ ጥንታዊ ጨርቅ ፊት ይቀመጣል። ትምህርቱ በጀርመንኛ ነው። ጀርመን ወይም ስዊዘርላንድ ላደገ የኢትዮጵያውያን ልጅ ይህ እንቅፋት አይሆንበትም። ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ የፓሪሱ ብሔራዊ የቅርስ ተቋም በከባድ የመግቢያ ውድድር ተመሳሳይ የአምስት ዓመት መንገድ ያቀርባል።

ለመዝገብና ለዕቃ ቤት ግን ይህን ሁሉ ርቀት መጓዝ ግዴታ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዎሎጂና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍል መነሻ ይሆናል፤ ከዚያ በብሔራዊ ሙዚየም፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ወይም በገዳማት ዕቃ ቤቶች በተግባር መማር ይቻላል።

ስለ ገንዘቡ

በአውሮፓም በአሜሪካም ለትምህርቱ ከሚፈሰው ዓመት አንጻር ደመወዙ አነስተኛ ነው፣ ጀማሪው ደግሞ ከአንድ የአጭር ጊዜ ኮንትራት ወደ ሌላው እየዘለለ ከተማ ይቀያይራል። ልጆች ያሉት ወይም ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልክ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስላ። የመዝጋቢና የክምችት ሥራ ቋሚ ቅጥር የማግኘት ዕድሉ ሰፋ ይላል። በግል ወርክሾፕ ከፍቶ መሥራት የሚቻለው የግል ሰብሳቢዎች በብዛት ባሉበት አገር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በዚህ ብቻ እንጀራ ይበላል ብዬ አላምንም።

እንግዲህ ማን የቱን?

የሸማኔ ልጅ ከሆናችሁና በሽሮ ሜዳ ድርና ማግ እየነካችሁ ካደጋችሁ፣ በጣታችሁ ያለው ዕውቀት ሌላው ተማሪ በሁለት ዓመት የማይደርስበት ነውና መርፌውን ሞክሩት፤ የሚጎድላችሁ ኬሚስትሪው ነው፣ እርሱን ደግሞ ማታ ተምሮ መያዝ ይቻላል። የአብነት ትምህርት ያላችሁ ዲያቆናት ወደ መዝገቡና ወደ ጥናቱ ብታዘነብሉ እመርጣለሁ። በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ስሚዝሶኒያንና በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም በደጃችሁ ናቸው፤ የትምህርት ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት የበጎ ፈቃድ ሥራ ጠይቁ። ክሊኒክ ወይም ባንክ እየሠራችሁ ቅዳሜ ብቻ ሣጥን ብትሠሩ እንኳ ሥራው ምን እንደሚመስል ታያላችሁ። የቀለም ልዩነት ለማየት የሚቸገር ሰው ካለ መርፌውን ሳይሆን ሌሎቹን ይምረጥ፤ ክር አቅልሞ ማመሳሰል የዕለት ሥራ ነውና።

ገና ለሚያመነታ ሰው ወጪ የሌለው ፈተና አለ። የአያታችሁን የቆየ ነጠላ ወይም ጋቢ በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ ሳትነኩት፣ ያለበትን ሁኔታ ጻፉ፦ ልኩን፣ በአንድ ሳንቲሜትር ውስጥ ያለውን የክር ቁጥር፣ እያንዳንዱን ነጠብጣብና ስንጥቅ ከየትኛው ጠርዝ ስንት ሳንቲሜትር እንደራቀ፣ ጥለቱ የት እንደደበዘዘ። በሚቀጥለው ቀን ሌላ የተቀደደ ስስ ጨርቅ ወስዳችሁ ከላይ እንደገለጽኩት አምስት ሳንቲሜትር ያህል ደግፋችሁ ስፉ። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ሞልቶ ስፌቱ ካማረራችሁ መዝጋቢ ወይም የዕቃ ቤት ሰው ናችሁ። ስፌቱ ምሳ ካስረሳችሁ የመርፌው ናችሁ። ሁለቱም ካሰለቿችሁ ሙዚየሞች ጎብኚም ይፈልጋሉ። ስፌቱን ግን አደራ፣ በአያታችሁ ነጠላ ላይ እንዳትሞክሩት።